ዳኛው ለምን አላዘነልኝም?

(ጎንደር ላይ ለሕግ ተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ድግግሞሹን ቀነስኩ እንጂ አነጋገሩን አልነካካሁትም። መጨረሻ ላይ ከአዳራሹ የመጡ ጥያቄዎች አሉ።)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ አላችሁ፣ ይቅርታ። ቶሎ ለመጨረስ እሞክራለሁ፤ ግን ጠበቃ ነኝና አትመኑኝ።

ጥብቅና ላይ ያለ ሰው በብዛት የሚጠየቀው ስለ አንቀጽ አይደለም። "ዳኛው ለምን አላዘነልኝም?" ተብሎ ነው። ሰውየው ጨንቆት ፈርሟል፣ ተቸግሮ ሸጧል፣ አምኖ ሰጥቷል። ችሎት ሲቆም ግን ዳኛው ወረቀት ያገላብጣል፣ ቁጥር ይጠቅሳል፣ ይወስናል። ሰውየው ሲወጣ "ሕጉስ ይሁን፤ ፍርድ የለም ወይ?" ይላል። ሕጉ እንዳለ አልካደም። የጎደለ የመሰለው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ የሚገባውን ነገር የሕግ ሰዎች ርትዕ ይሉታል።

ከመጀመሬ በፊት አቋሜን ልናገር። ርትዕ ማለት ማዘን አይደለም። ዛሬ ላንተ የሚያዝን ዳኛ ነገ ለባላጋራህ ያዝናል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ዘመድ ለደወለለት ያዝናል። ርትዕ የራሱ ሥርዓት አለው፣ የራሱ በር አለው፤ አንዳንዴም ከተጻፈው ሕግ ይልቅ እሱ ይጠብቃል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። የፈጠርኩት ነው፤ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ "ይሄስ የኔ ጉዳይ ነው" የሚል አይጠፋም። አንድ ሰው አዘዞ ላይ ቤት ገዛ። ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ውል በእጅ ተጻፈ፣ ምስክር ፈረመ፣ ገንዘቡ ተቆጥሮ ተሰጠ፣ ተመረቀ። ውልና ማስረጃ ግን አልሄዱም፤ "ምን ያደርግልናል፣ እንተዋወቅ የለ" ተባባሉ። ገዢው ገባበት። ወለሉን ሴራሚክ አደረገ፣ አጥር አጠረ፣ ልጆች አሳደገበት። ዓመታት አለፉና የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ። ሻጩ ትዝ አለው። "ውሉ በሕግ ፊት አልጸናም፤ ቤቴን መልስ" ብሎ ከሰሰ።

ሻጩ የሚጠቅሰው ሕግ አለ? አለ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ሕግ ሥልጣን በሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱ ለሻጩ ፈረደ። አሁን ልባችሁ ምን አለ? "ይሄማ ግፍ ነው" አለ አይደል? ይህን ስሜት ያዙት፤ ምሳሌው ላይ ቆይተን እንመለሳለን።

ስሜቱ አዲስ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት አራተኛው መቶ ዓመት ላይ ጽፎበታል። የሱ ነገር ቀላል ነው። ሕግ የሚወጣው በጥቅሉ ነው፣ ጉዳይ የሚመጣው ግን በነጠላ ነው። ሕግ አውጪው ሁሉን አያይም፣ ሊያይም አይችልም። ስለዚህ ሕጉ ያላሰበው ጉዳይ ሲመጣ፣ ሕግ አውጪው ራሱ እዚያ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር ብሎ ማቃናት ያስፈልጋል። የሌስቦስ ደሴት ግንበኞችን ያነሳል። እነሱ መለኪያቸው እርሳስ ነበር፤ ብረት አይደለም። ድንጋዩ ሲጎብጥ መለኪያው አብሮ ይጎብጣል። የፋሲልን ግንብ ድንጋይ በቅርብ ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያሻውም። ልብ በሉ፤ መለኪያው ይታጠፋል እንጂ አይጣልም።

እዚሁ ጎንደርም ታሪክ አለን። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ያየውን ጽፏል። አቤቱታ ያለው ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ንጉሡ ሊሰማ በሚችልበት ቦታ፣ በበርና በመስኮት ሥር እየቆመ "ርትዕ፣ ጃንሆይ!" እያለ ይጮህ ነበር ይላል። በየቋንቋው፣ በሚያሳዝን ድምፅ። ክረምት ሲገባና አቤት ባዩ ሲያንስ ደግሞ ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው፣ እንደተበደለ ሰው የሚጮሁ ሰዎች ይዘጋጁ ነበር ብሏል። አስቡት፤ ሥራው ማልቀስ የሆነ አቤት ባይ! ዛሬም ችሎት በር ላይ አንዳንድ ምስክር ሳይ ይሄ ትዝ ይለኛል። ግዴለም፣ ይለፈን።

በዚያ ዘመን ሕግ አልጠፋም። ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጽ ውስጥ በዓረብኛ የተዘጋጀ፣ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ 51 አንቀጽ ያለው። ወንበር ላይ የሚቀመጡ ዳኞችም ነበሩ። ታዲያ ሰው ለምን ግንቡ ሥር ይጮሃል? ከዳኛው በላይ፣ ከመጽሐፉም በላይ ጉዳዩን የሚያቃና አንድ ሰው አለ ብሎ ስለሚያምን ነው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ያለው ሕዝብ፣ የማይከሰሰው ንጉሥ ሌላውን ሁሉ ሊያቃናለት ይችላል ብሎም ያምን ነበር።

ፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቻንስለሪ እየተባለ የሚጎበኝ ሕንፃ አለ፤ የንጉሡ የጽሕፈት ክፍል ማለት ነው። ይህን ያነሳሁት በአጋጣሚ አይደለም። እንግሊዝ አገር ርትዕ ራሱን የቻለ የሕግ ዘርፍ ሆኖ ያደገው ከንጉሡ ጽሕፈት ክፍል ውስጥ ነው።

እንዴት መሰላችሁ። እንግሊዝ የንጉሡ ፍርድ ቤቶች ነበሯት። ክስ የሚቀበሉት ግን በተወሰኑ የማዘዣ ዓይነቶች ነበር። ችግርህ ከማዘዣዎቹ በአንዱ ካልገባ ክስ የለህም፣ አለቀ። ቢገባልህና ብትረታ እንኳ በአብዛኛው የምታገኘው ገንዘብ ነው። ጎረቤትህ ግድግዳህን ሊንድ ሲቆፍር "ከፈረሰ በኋላ ካሳ ጠይቅ" ትባላለህ። እንግዲህ ሰው ምን ያድርግ? ወደ ንጉሡ አቤት አለ። ንጉሡ አቤቱታው ሲበዛበት ማኅተሙን ወደሚይዘው፣ የጽሕፈት ክፍሉ አለቃ ወደሆነው ቻንስለር መራው። ቻንስለሩ በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ጳጳስ ነው። ጳጳስ ደግሞ የሚያውቀው ንስሐ ማናዘዝ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ። ቻንስለሩ "መሬቱ በወረቀት የማን ነው?" ብሎ አይጀምርም። ተከሳሹን ያስጠራና በመሐላ ይጠይቀዋል፤ አንተ በኅሊናህ ይህን ንብረት ይዘህ መቀመጥ ይገባሃል ወይ? አይገባህም ካለው ትእዛዝ ይሰጠዋል። አልታዘዝም ካለ ወህኒ ይገባል። የወረቀቱን ባለቤትነት አልሰረዘበትም። ሰውየውን ነው የያዘው። ርትዕ ሰው ላይ ይሠራል እንጂ ንብረት ላይ አይሠራም የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ከዚህ የተወለደው ትልቁ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አደራ ነው። ሰውየው ወደ መስቀል ጦርነት ይዘምታል እንበል። መሬቱን በጓደኛው ስም ያዞርና "እስክመለስ ለልጆቼ ያዝልኝ" ይለዋል። ይሞታል፣ ወይ ዘግይቶ ይመለሳል። ጓደኛው "መሬቱ በስሜ ነው" ይላል። የተራው ፍርድ ቤት መልስ "እውነቱን ነው፣ በስሙ ነው" የሚል ነው። ቻንስለሩ ግን አዎ፣ ባንተ ስም ነው፣ ፍሬው ግን የልጆቹ ነው፣ ላንተ እንደምታስተዳድርላቸው ብቻ ነው የተሰጠህ አለ። አንድ መሬት ሁለት ባለቤት አገኘ፤ አንዱ በወረቀት፣ አንዱ በኅሊና። እኛ አደራ በላ ብለን የምንረግመውን ሰው እነሱ ችሎት አቁመው አስገደዱት። ዛሬ በዓለም ላይ ስንት የጡረታ ፈንድ፣ ስንት የበጎ አድራጎት ንብረት በዚህ አሠራር እንደሚተዳደር ብታዩ ትገረማላችሁ። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ለዚህ ዓይነት ንብረት ቦታ ሰጥቶታል፤ እኔ እስከማየው ድረስ ግን ሰው ብዙ አይጠቀምበትም።

በእርግጥ ሁለት ፍርድ ቤት በአንድ አገር ሲኖር ጠብ አይቀርም። በ1615 እ.ኤ.አ. የተራው ፍርድ ቤት የበላይ ዳኛ ኤድዋርድ ኮክና ቻንስለሩ ሎርድ ኤልዝሜር ተፋጠጡ። አንዱ የፈረደውን ሌላው "ይህን ፍርድ ያገኘኸው ከኅሊና ውጭ ነውና እንዳታስፈጽም" ይላል። ነገሩ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ዘንድ ደረሰ፤ በ1616 ለቻንስለሩ ፈረደ። ሕግና ርትዕ ከተጋጩ ርትዕ ይቀድማል ተባለ።

እሺ፣ "ርትዕ ይቀድማል" ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ፈካ። ቆዩ። ርትዕ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ራሱ ይፈተሻል። እጁ ንጹሕ መሆን አለበት።

ለዚህ የምወደው ጉዳይ አለ። በ1725 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አንድ ሰው ሸሪኩን ከሰሰ። አቤቱታውን ስታነቡት ጨዋ የንግድ ሙግት ነው። እሱና ሸሪኩ አብረው ይሠሩ ነበር፤ በየመንገዱ ከብዙ ባለጸጎች ጋር "ተገበያይተዋል"፤ ሰዓት፣ ቀለበት፣ ፈረስ፣ ኮርቻ በጣም በርካሽ አግኝተዋል፤ ሸሪኩ ግን ሒሳብ አላወራረደም፤ ፍርድ ቤቱ ድርሻዬን ያስከፍለኝ ይላል። ዳኞቹ ቀስ ብሎ ገባቸው። ሁለቱም መንገድ የሚቆርጡ ሽፍቶች ናቸው! ከሳሹ ዘርፈን ያገኘነውን አካፍሉኝ ነው የሚለው። ክሱ ተጣለ። አቤቱታውን ያቀረቡት ሁለት የሕግ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ ተቀጡ። ባለጉዳዮቹም ኋላ በሌላ በሌላ ወንጀላቸው በየተራቸው ተሰቀሉ። ተማሪዎች፣ ደንበኛችሁ ሥራውን ሲነግራችሁ ቃላቱ በጣም ካማሩ ትንሽ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ንጹሕ እጅ ማለት ጻድቅ መሆን አይደለም። ሚስትህን ብትበድል፣ ዕድርህን ባትከፍል፣ እነዚህ ከቤት ሽያጭ ክርክርህ ጋር አይገናኙም። የሚታየው በዚያው ጉዳይ ላይ ያደረግከው ነው። ውሉን በማታለል አስፈርመህ "ይፈጸምልኝ" ማለት ነው የማይቻለው።

ሌላም አለ። ርትዕ የሚፈልግ ራሱ ርትዕ ያድርግ። ውሉ ይፍረስልኝ ካልክ የተቀበልከውን መልስ። ደግሞ ያንቀላፋ ሰው አይረዳም፤ መብትህ እንደተነካ እያወቅክ ዓመት ቆጥረህ፣ ሌላው ገንዘቡን አፍስሶ ሲጨርስ ብትመጣ በሩ ይዘጋብሃል። ያልተገላበጠ ያራል ነው ነገሩ። ከዚያ ደግሞ ርትዕ ከመልኩ ይልቅ ይዘቱን ያያል፤ ወረቀቱ ላይ "ሽያጭ" ብላችሁ ብትጽፉም ነገሩ በቤት መያዣ የተሰጠ ብድር ከሆነ እንደ ብድር ያየዋል። አራጣ አበዳሪ ይህን አይወድም።

መፍትሔዎቹ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ቁፋሮው ይቁም የሚለው ዕግድ፣ ውሉ እንደተጻፈው ይፈጸም የሚለው ትእዛዝ፣ ውሉ ይፍረስ፣ ስህተቱ ይታረም። ገንዘብ የማይክሰውን ነገር የሚክሱ ናቸው። ዛሬ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ዕግድ ስትጠይቁ፣ የዚያ የቆየ አስተሳሰብ የልጅ ልጅ እጃችሁ ላይ አለ።

አሁን ክፉ ጎኑ። ጆን ሴልደን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት በርትዕ ቀልዷል። የመለኪያ ጫማ ብለን የቻንስለሩን እግር ብንወስድ ልኩ በየቻንስለሩ ይለያያል፣ አንዱ ረጅም እግር አንዱ አጭር እግር አለው፣ ኅሊናም እንደዚያው ነው አለ። እውነቱን ነበር። ከቀልዱ ለማምለጥ ቻንስለሮቹ ቀስ በቀስ ቀዳሚ ውሳኔ መከተል፣ ደንብ ማበጀት ጀመሩ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ በሽታ መጣ፤ ችሎቱ በዝግመቱ የታወቀ ሆነ፣ ርስቱ ለሙግት ወጪ እስኪያልቅ ድረስ። በመጨረሻ በ1873 እና በ1875 እ.ኤ.አ. በወጡ ሕጎች ሁለቱን ፍርድ ቤቶች አዋሃዷቸው።

እኛስ? እኛም የራሳችን ቻንስለር ነበረን ማለት ይቻላል፤ ዙፋን ችሎት። እስከ አብዮቱ ድረስ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለቀ ጉዳይ ሳይቀር ለንጉሠ ነገሥቱ በአቤቱታ ይቀርብ ነበር። ግፍ የቀረለት ሰው እንደነበረ አልክድም። ግን ሙግት መጨረሻ አልነበረውም። ረታሁ ብለህ ወደ ቤትህ ስትገባ ባላጋራህ አዲስ አበባ ደጅ እየጠና ነው። ደጅ የሚጠናው ደግሞ ስንቅ ያለው ነው። ከበጌምድር በእግርና በበቅሎ ተነስቶ ለወራት ደጅ የሚጠና ድሃ ስንት ይሆናል? እና ዙፋን ችሎት በመቅረቱ አላዝንም። የሚያሳዝነኝ እሱን ይተካል ተብሎ የተጻፈውን ነገር አለማንበባችን ነው።

የተጻፈው ነገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነው። ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት የሌለበት ሥርዓት ስለሆነ ርትዕን ለብቻ ቤት አልሠራለትም፤ ሕጉ ውስጥ እዚህም እዚያም በር ከፈተለት። በሩ ያለበትን ያላወቀ ጠበቃ ግድግዳ ሲገፋ ይውላል።

መጀመሪያ የተዘጋውን በር ላሳያችሁ። ቁጥር 1763። ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ዳኛ ርትዕ ነው ብሎ ውልን መለወጥ፣ ቃሉን ማሻሻል አይችልም። 1764 ይከተላል፤ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታህ ካሰብከው በላይ ቢከብድህም ውሉ ይጸናል። ጨካኝ ይመስላል? እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ዳኛ ባዘነ ቁጥር ውል የሚለወጥ ከሆነ ማንም ለድሃ አያበድርም፣ ማንም ለማያውቀው አይሸጥም። "ዳኛው ለምን አላዘነልኝም" ለሚለው ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ይቺ ቁጥር ናት፤ እንዳያዝን ታስሯል።

የተከፈቱት በሮች ግን ብዙ ናቸው። ተዋዋዮቹ በዝምድናም ሆነ በሌላ የተለየ ግንኙነት በርትዕ ሊተያዩ የሚገባቸው ከሆነ ዳኛው ውሉን ሊያሻሽል ይችላል፤ 1766። የሰው ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ ልምድ ማጣት ተጠቅመህ ያስፈረምከው ውል ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን ይፈርሳል፤ 1710። ልብ በሉ፣ ዋጋው አንሷል ብቻ አይበቃም፤ ያው ቁጥር እንደዚያ ይላል። ድክመቱን መጠቀምህ ነው የሚፈለገው። ያለ በቂ ምክንያት ከሌላው ድካም ወይም ንብረት የተጠቀመ ሰው በተጠቀመበት ልክ ይክፈል፤ 2162። ጉዳት ደርሶ ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ ይቁረጥ፤ 2102። ውሉ በግድ እንዲፈጸም የሚታዘዘው ለጠያቂው የተለየ ጥቅም ሲኖረውና የባለዕዳውን የግል ነጻነት የማይነካ ሲሆን ነው፤ 1776። ዘፋኝ ለሠርግህ ተዋውሎ ቢቀር ካሳ ትጠይቃለህ እንጂ በፖሊስ አስይዘህ አታስዘፍነውም።

አሁን ወደ አዘዞው ቤት እንመለስ።

እንግሊዞቹ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟቸው ነበር። በ1677 እ.ኤ.አ. የመሬት ውል በጽሑፍ ካልሆነ ክስ አይቀርብበትም የሚል ሕግ አወጡ፤ ዓላማው የሐሰት ምስክርን መከላከል ነበር። ወዲያው ብልጦች መጡ፤ ገንዘብ ተቀብለው፣ ገዢውን አስገብተው፣ ኋላ "ጽሑፍ የለም" ይላሉ። የርትዕ ችሎቱ ምን አለ? ማጭበርበርን ለመከላከል የወጣ ሕግ የማጭበርበሪያ መሣሪያ አይሆንም። ገዢው በውሉ አምኖ ድርሻውን ከፈጸመ ሻጩ በጽሑፍ መጥፋት አያመልጥም። እኛ ጋ ደግሞ 1723 ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል፣ ሰበር ድረስ፤ የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት እስከሚያርመው ችሎት ማለት ነው። የሰበር ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ክርክሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የሰው ቤት ነው። ውሉ አልጸናም ከተባለ በ1815 መሠረት ሁለቱም በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ገዢው ገንዘቡን ያገኛል፣ ለሴራሚኩና ለአጥሩም በ2162 ይጠይቃል። ግን የትኛውን ገንዘብ? ያኔ ቤት የገዛው ብር ዛሬ ከሕጋዊ ወለዱ ጋር ተደምሮ እንኳ ኪራይ ላይበቃ ይችላል። "በተቻለ መጠን" የሚለውን ቃል ዳኞች ከዚህ በላይ ሊያሠሩት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። የፈለገ ይሞግተኝ። ለእናንተ ግን ምክሬ አጭር ነው፤ ሽማግሌ ካስመረቃችሁ በኋላ ውልና ማስረጃ ሂዱ።

አንድ የሚያናድደኝን በር ሳልነግራችሁ አልወርድም። ቁጥር 2116። ለሕሊና ጉዳት ካሳ ልኩን ዳኛው ይወስናል፤ ግን ከ1000 ብር መብለጥ አይችልም። በ1952 ዓ.ም. 1000 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ 1000 ብር ይዛችሁ ቅዳሜ ገበያ ብትገቡ ምን ይዛችሁ እንደምትወጡ ታውቃላችሁ። ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አባት ለኅሊናው 1000 ብር ተፈረደለት። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይቆጨኛል የሚል ሕዝብ ነን፤ ይህ አባት ግን በፍርድም ሄዶ ይቆጨዋል። እዚህ ላይ ዳኛው ጥፋተኛ አይደለም። ሕግ አውጪው ቁጥሩን ይንካው።

በቃኝ። ጥያቄ ካለ።

አንድ ወጣት ተቋራጭ ተነሳ። የግል ሕንፃ ሊሠራ በቁርጥ ዋጋ ተዋውሎ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብረትና የመስታወት ዋጋ ናረበት። ርትዕ የለም ወይ አለ። 1764ን እንደገና አነበብኩለት። ከመንግሥት አስተዳደር ጋር የሚደረግ ውል ያልታሰበ ሁኔታን የሚመለከት የራሱ ድንጋጌ አለው፤ ያንተ ግን የግል ውል ነው አልኩት። ውልህ ላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አለ? የለም አለ። እንግዲያው አሠሪህ ጋ ሂድና ተነጋገር፤ ሥራ ጥለህ ከመሄድህ በፊት፤ ጥለህ ከሄድክ እጅህም አይነጻም አልኩት። አልተደሰተም።

አንድ አባት ደግሞ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ "ልጄ፣ አንተ ርትዕ የምትለውን እኛ በሽምግልና ስንሠራው ኖረናል" አሉኝ። አባቴ፣ አንቱ ያሉት እውነት ነው፤ ዕርቅም በሕግ የታወቀ ነው አልኳቸው። ግን ልድፈርና ሽማግሌ አንድ ልማድ አለበት፤ ሁሉን እኩል ይከፍላል። አንዱ 100 ሺህ ብር አለኝ ሲል፣ ሌላው ምንም የለብህም ሲል፣ "በሉ ሃምሳ ሃምሳ ተቻቻሉ" ይባላል። የውሸቱ ባለቤት 50 ሺህ አትርፎ ይሄዳል። ቻንስለሩ ቢሆን በመሐላ ጠይቆ አንዱን ባዶ እጁን ይሸኘው ነበር። አባት ሳቁ። "እኛም እናስምላለን፤ ግን ነገ በዕድር አብረው ይቀመጣሉ፤ ያንተ ቻንስለር የት ይቀመጣል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

የመጨረሻዋ ጠያቂ አንዲት ሴት ነበረች። እናቷ ሲሞቱ ታላቅ እህቷ የውርስ ድርሻዋን በትንሽ ገንዘብ ገዛቻት፤ ሐዘን ላይ ሆና ነው የፈረመችው።

"መቼ ነው የፈረምሽው?"

"ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።"

በ1710 ለማስፈረስ ጊዜው አልፏል አልኳት፤ እንዲህ ያለው ክስ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አዳራሹ ዝም አለ። 1766 አለ፣ የእህትማማች ነገር ነውና፤ ግን እሱ የሚሻሻል ውል ይፈልጋል፤ ተከፍሎ ካለቀ ከባድ ነው።

"አላለቀም እኮ፤ ግማሹን እስካሁን አልሰጠችኝም።"

ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም! ያልተከፈለሽን ለመጠየቅ የውል ይርጋው፣ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው፣ 10 ዓመት ነው፤ ውሉ ገና ካልተፈጸመ ደግሞ 1766ን ይዘን የምንከራከርበት ነገር አለ፤ እንረታለን ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። ወረቀቱን ይዘሽ ሰኞ ጠዋት ነይ። ከዚያ በፊት ግን እህትሽ ጋ ሂጂና ቀሪውን በምስክር ፊት ጠይቂያት፤ ምን እንዳለችሽ ጽፈሽ አምጪልኝ።